የዶሜይን ስም ሥርዓት ደኅንነትና ቅልጥፍና

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ዕለት በደቡብ ጎንደር ሐሙሲት ከተማ የሚገኝ ተማሪ የድረ ገጹን አድራሻ በስልኩ ሲጽፍ፣ ስሙን ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚለውጥለት የዶሜይን ስም ሥርዓት ነው። መልሱ ከተዛባ ተማሪው ስሙ ትክክለኛ፣ ይዘቱ ግን ሐሰተኛ በሆነ ገጽ ላይ የፈተና መለያ ቁጥሩን ሊያስገባ ይችላል።

አሠራሩ

ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ ተነደፈ። የተጠቃሚውን ጥያቄ የሚቀበለው ሪዞልቨር የተባለው አገልጋይ በቅድሚያ የሥር አገልጋዮችን፣ ቀጥሎ የአገር መለያውን አገልጋዮች፣ በመጨረሻም የተቋሙን አገልጋይ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ መለያ «ዶት ኢቲ» ሲሆን፣ የሚተዳደረውም በኢትዮ ቴሌኮም ነው። የመንግሥት ተቋማት በ«ጎቭ ዶት ኢቲ» ሥር ይመዘገባሉ።

ደኅንነት

ሥርዓቱ ሲነደፍ የመልስን እውነተኛነት ማረጋገጫ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዳን ካሚንስኪ የተባለ ባለሙያ ሐሰተኛ መልስን በሪዞልቨር ውስጥ ማስቀመጥ ከታሰበው በላይ ቀላል መሆኑን አሳየ። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ዲኤንኤስሴክ እያንዳንዱ መልስ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ያደርጋል፤ የሥር ደረጃውም እ.ኤ.አ. በ2010 ተፈርሟል። ጥበቃው የተሟላ የሚሆነው ከሥር እስከ ተቋሙ ያለው ሰንሰለት ሲፈረምና ሪዞልቨሩ ፊርማውን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ፊርማው ጥያቄውን ከሌሎች አይሰውርም፤ አጭበርባሪዎች ተመሳሳይ ስም እንዳያስመዘግቡም አያግድም።

ቅልጥፍና

ሪዞልቨር ያገኘውን መልስ የስሙ ባለቤት ለወሰነው ጊዜ ይዞ ያቆያል። በመሆኑም በውጤት ቀን ብዙ ሰዎች አንድን ስም ሲጠይቁ መልሱ ከቅርብ ይሰጣል። የቆይታ ጊዜው ሲረዝም ጫና ይቀንሳል፤ አድራሻ ሲቀየር ግን አሮጌው መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ተቋማት አድራሻ ከመቀየራቸው አስቀድመው የቆይታ ጊዜውን ማሳጠር ይኖርባቸዋል።

ከተቋማትና ከተጠቃሚዎች የሚጠበቅ

ተቋማት፦
• የስም አገልጋዮቻቸውን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ላይ ማስቀመጥ፤
• የዶሜይን ምዝገባቸውን በወቅቱ ማደስ፤
• የአስተዳደር መለያቸውን በባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መጠበቅ።

ተጠቃሚዎች፦
• የአድራሻውን መጨረሻ በጥንቃቄ ማንበብ፤
• የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ሲያዩ የግል መረጃ ከማስገባት መቆጠብ፤
• በመልእክት የተላከን ማስፈንጠሪያ ከመጫን ይልቅ የተቋሙን አድራሻ ራሳቸው መጻፍ።