ከአንድ ጎዳና ወደ መንገድ መረብ፦ የዋጃና የመሰሎቿ ከተሞች አስተዳደግ

የአንድን ከተማ ታሪክ ለመረዳት ከሕንፃዎቹ ይልቅ መንገዶቹን መመርመር ይበጃል። ሕንፃ ያረጃል፣ ይፈርሳል፣ በሌላም ይተካል፤ መንገድ ግን አንድ ጊዜ ተቀይሶ ግራና ቀኙ በይዞታ ከተያዘ በኋላ ቦታውን የሚለቀው ከስንት አንድ ነው።

ከወልድያ ወደ ሰሜን ሲኬድ ቆቦ፣ ዋጃና አላማጣ በአንድ ጎዳና ላይ ተከታትለው ይገኛሉ። ይህን ጎዳና ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአሥመራ ጋር ለማገናኘት ሠሩት። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የመንገዶቹን ጥገና ተረከበ። የጎዳናው ዓላማ ሠራዊትና ጭነት ከሩቅ ወደ ሩቅ ማድረስ እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት ማገናኘት አልነበረም።

የጎዳና ዳር ከተማ የሚያድግበት መንገድ የታወቀ ነው። ሻይ ቤቱ፣ ሱቁና ማደሪያው በቅድሚያ የጎዳናውን ፊት ይይዛሉ። ዘግይቶ የመጣው ነዋሪ ከበስተኋላ ይሠፍራል፤ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ቀጭን መንገድም ከአጥር ላይ ደርሶ ይቆማል። ስለሆነም ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ሁለት ቤቶች በሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ እያሉ፣ አንዱ ከሌላው ዘንድ ለመድረስ እስከ አስፋልቱ ወርዶ እንደገና መውጣት ግድ ይሆንበታል። ተማሪው፣ ባለጋሪውና ከብት ነጂው ከከባድ መኪና ጋር የሚጋፉትም በዚህ ምክንያት ነው።

በራያ ቆላ ደግሞ የውሃ ነገር ይታከልበታል። በስተምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሣው ጎርፍ ጎዳናውን እያቋረጠ ወደ ሜዳው ይወርዳል። መተላለፊያው አንድ ብቻ በሆነበት ከተማ አንድ ቱቦ ሲደፈን ሁሉም ይቆማል፤ ትይዩ መንገድ ያለው ከተማ ግን ሌላ መውጫ አያጣም።

ችግሩ የትናንሽ ከተሞች ብቻ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በመኳንንቱ ሠፈሮች ዙሪያ ተበታትና ስላደገች፣ ሠፈሮቹን በቀጥታ መንገድ ማያያዝ ለተከታዮቹ ትውልዶች ብርቱ ሥራ ሆኗል። በአሜሪካም በሃያኛው ምዕተ ዓመት መውጫ የሌላቸው የመኖሪያ መንገዶች እየበዙ ሄደው፣ የአዳዲስ መንገዶች ትስስር እጅግ ዝቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1994 አካባቢ መሆኑን በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ትስስሩ መሻሻል ጀምሯል። አሮጌዎቹ መንገዶች ግን እንደተቀየሱ ቀርተዋል።

በአገራችን በባሕር ዳር፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ የተሞከረው የማስፋፊያ ዕቅድ ከዚህ ትምህርት የተነሣ ነው። ዕቅዱ ቤት ሳይቀድም የዋና ዋና መንገዶችን መሥመር በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት አስቀድሞ ማስከበር ነው። አስፋልቱ ከዓመታት በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ቦታው ግን ዛሬ ካልተያዘ ነገ በካሣና በፈረሳ ይገዛል።

ለዋጃና ለመሰሎቿ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ከጎዳናው ጋር ትይዩ የሚሄዱ ሁለት መንገዶች፣ እነርሱን የሚያቋርጡ መተላለፊያዎችና የጎርፉን መውረጃ የተከተለ ክፍት ቦታ ከቦታ ምሪት በፊት ቢከለሉ፣ ወጪው የቀያሽ ድካምና የድንጋይ ችካል ነው። ይህ ሳይደረግ ቢቀር ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ቤቱ የሚፈርስበት ነዋሪ ይሆናል።