ወፍ፣ ጆሮ ጠቢ፣ ጠቋሚ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደውሎ «ቲቸር፣ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ስርቆት አይቻለሁ። ልናገር ነው ስላት እማዬ ‹ጆሮ ጠቢ ልትሆን ነው?› አለችኝ» አለኝ። በእናቱ አልፈረድኩም። ቃሉ ብዙ ታሪክ ተሸክሟል።

«ጆሮ ጠቢ» ሲባል ለኔ የሚታየኝ፣ ጥጃ ጡት ላይ እንደሚለጠፍ አፉን ጌታው ጆሮ ላይ የለጠፈ ሰው ነው። ሹክ ይላል፣ ይጠግባል። አሳባቂ፣ ነገር አመላላሽ፣ አቃጣሪ... ሁሉም ስድብ ነው። በጣሊያን ጊዜ ደግሞ «ባንዳ» ተጨመረ፤ ቃሉን ያመጡት ራሳቸው ጣሊያኖቹ ናቸው።

ያልተሰደበ ግን አንድ ነበር። ወፍ! በድሮው አውጫጭኝ (አፈርሳታም ይባላል) ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሌባው ካልተገኘ የጠፋውን ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። ዝም ማለት ያስከፍላል፣ መናገር ደግሞ ደም ያቃባል። መላው ምን ነበር? ያየ ሰው በስውር ይናገራል፤ የተናገረው «ወፍ» ነው ይባላል፤ ስሙ አይወጣም።

ደርግ ይህን ገለበጠው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋመው ቀበሌ፣ በ1969 እና 70 የቀይ ሽብር መድረክ ሆነ። ቃሉም «ማጋለጥ» ሆነ፤ ክዳን ማንሳት እንደማለት። መጀመሪያ ራስህን ታጋልጣለህ፣ ቀጥሎ ጓደኛህን። በአዳራሽ፣ በሰው ፊት። የሚያጋልጠው ሰው ያጣ ራሱ ተጠርጣሪ ነው። በዚያን ጊዜ በወጣች አንዲት ስም ምክንያት እስከዛሬ ለቅሶ የማይደራረሱ ጎረቤታሞች አውቃለሁ።

በ2003 የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ለከባድ ወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ይሰጣል፤ ማንነትን መሰወርም አለበት። ወፏ በነጋሪት ጋዜጣ ተመለሰች ማለት ነው። «ጠቋሚ» ሲባል ግን ዛሬም ፊታችን ይጠቁራል።

እኔስ ብሆን? የክፍል አለቃ አድርጌ የረባሽ ስም ያስጻፍኋችሁ እዚህ አላችሁ። ባዶ ወረቀት ያመጣውን አለቃ ከረባሾቹ ብሼ እቆጣው ነበር። ከየት ተምሬው እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ይሄ የደወለልኝ ልጅ ሁልጊዜ ባዶ ወረቀት ነበር የሚያመጣው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሳቀ።

ከዚያ «የሰነዱን ቅጂ ያዝ፣ በጽሑፍ አመልክት፣ ጥበቃውንም ጠይቅ» አልኩት። ቅዳሜ እናቱ ቤት ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ።