የኦንላይን የሥነ ልቦና ሕክምና ለወላጆች

የኦንላይን የሥነ ልቦና ሕክምና ለወላጆች በቤተሰብ ኑሮና በልጅ አስተዳደግ ምክንያት ጭንቀት የበዛባቸውን ወላጆች ከርቀት የሚረዳ የሕክምና ዘዴ ነው። አገልግሎቱ በቪዲዮ፣ በስልክ፣ በጽሑፍ መልእክት ወይም አስቀድመው በተዘጋጁ ትምህርቶች ይሰጣል። በአብዛኛው የሚያተኩረው ወላጅ ከልጁ ጋር በየቀኑ በሚያደርገው ግንኙነት ላይ ነው። ምክንያቱም ልጅ ከባለሙያ ጋር የሚቆየው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሲሆን ቀሪውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከአሳዳጊዎቹ ጋር ነው።

የወላጅነት ጭንቀት

የወላጅነት ጭንቀት የሚባለው ልጅ የማሳደግ ኃላፊነት ከወላጁ አቅም በላይ ሆኖ ሲሰማው የሚፈጠረው ጫና ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ አቢዲን ይህን ጫና ለመለካት ባዘጋጁት መጠይቅ ምንጮቹን በሁለት ወገን ከፍለው ይመለከታሉ። አንዱ ከልጁ ጠባይ የሚመጣ ሲሆን ሌላው ከወላጁ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ከብቸኝነት፣ ከጤና ወይም ከትዳር ችግር የሚመነጭ ነው።

ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ይመጋገባሉ። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ጥናት ያካሄዱት ጄራልድ ፓተርሰን ይህን ዑደት በዝርዝር ገልጸዋል። እናት ልጇን አንድ ነገር ታዘዋለች፤ ልጁ ይጮኻል፤ እሷም ሰልችቷት ትተወዋለች። ልጁ መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል፣ እናትም መተው ጩኸቱን እንደሚያበርድ ትማራለች። በሌላ ቀን እሷ ከእሱ በላይ ጮኻ ሲታዘዛት፣ ኃይል እንደሚሠራ ሁለቱም ይለምዳሉ። ጠቡ እየከረረ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ለወላጆች የሚሰጠው ሥልጠና ዓላማ ይህን ዑደት መስበር ነው።

አሠራር

የኦንላይን አገልግሎቶች በባለሙያው ተሳትፎ መጠን በሦስት ይከፈላሉ።

1. ወላጁ ብቻውን የሚከታተለው፦ ቪዲዮዎች፣ መልመጃዎችና ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይቀርቡለታል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በማቲው ሳንደርስ የተመሠረተው ትሪፕል ፒ የተባለ ፕሮግራም የኦንላይን ቅጂ ከዚህ ወገን ይመደባል።

2. በአሠልጣኝ የሚታገዘው፦ ወላጁ ትምህርቱን በኢንተርኔት ይከታተላል፤ አሠልጣኝ ደግሞ በየሳምንቱ ስልክ ደውሎ ምን እንደሞከረና የት እንደተቸገረ ይጠይቀዋል።

3. ቀጥታ የሚሰጠው፦ ባለሙያውና ቤተሰቡ በቪዲዮ ይገናኛሉ። በ1970ዎቹ ሺላ አይበርግ ባዳበሩት የወላጅና የልጅ መስተጋብር ሕክምና፣ ባለሙያው ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆኖ ወላጅና ልጅ ሲጫወቱ ያያል፤ ለወላጁም በጆሮ ማዳመጫ ምክር ይሰጣል። በኦንላይን ሲሆን የመስተዋቱን ቦታ የኮምፒውተር ካሜራ ይተካል።

የሚሰጡት ክህሎቶች ተመሳሳይ ናቸው። ወላጁ ልጁ ደግ ሲሠራ ምን እንደሠራ ለይቶ ማመስገንን፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግን፣ የተናገረውን መፈጸምን እንዲሁም ንዴት ሲነሣበት ከመናገሩ በፊት ራሱን ማረጋጋትን ይለማመዳል።

የምርምር ውጤቶች

በዘርፉ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በፊንላንድ በአንድሬ ሱራንደር የተመራው ነው። ጥናቱ እርዳታ ፈልገው የመጡ ቤተሰቦችን አልጠበቀም። በመደበኛው የ4 ዓመት የጤና ምርመራ ወቅት የጠባይ ችግር የታየባቸው ልጆች ተለይተው 464 ወላጆች ተሳተፉ። ግማሾቹ ለ11 ሳምንታት የኢንተርኔት ሥልጠና ከስልክ ድጋፍ ጋር ያገኙ ሲሆን ሌሎቹ አጠር ያለ ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሙሉ ሥልጠናውን ባገኙት ቤተሰቦች የልጆቹ አስቸጋሪ ጠባይ ከሌሎቹ የበለጠ ቀንሷል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ጆናታን ኮመርና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 40 ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች አጥንተዋል። የወላጅና የልጅ መስተጋብር ሕክምናን በቪዲዮ ያገኙት ክሊኒክ ሄደው ካገኙት ያላነሰ ለውጥ አሳይተዋል፤ ሕክምናውን ለመከታተል የገጠማቸው እንቅፋትም አነስተኛ እንደነበር ተናግረዋል።

ወላጁ ብቻውን በሚከታተላቸው ፕሮግራሞች ዋናው ችግር ጀምሮ ማቋረጥ ነው። የሚጠይቅና የሚያበረታታ ሰው መኖሩ ብዙዎች እስከ መጨረሻው እንዲዘልቁ ይረዳል።

ገደቦችና ደኅንነት

ክሊኒክ የሚዘጋ በር አለው፤ ቤት ግን ላይኖረው ይችላል። የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ በሚሰማበት ክፍል ወላጅ ችግሩን በግልጽ መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ሰውየው ብቻውን መሆኑንና ያለበትን አድራሻ ይጠይቃል፣ ለአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ይመዘግባል፣ ንግግሩን በድንገት ለማቋረጥ የሚያገለግል ቃልም ይስማማሉ።

በቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ማነጋገር ተጎጂውን ለባሰ አደጋ ሊዳርግ ይችላል። በልጅ ላይ ጥቃት ሲደርስ ወይም ወላጅ ራሱን ለመጉዳት ሲያስብ በአካል የሚደርስ እርዳታ ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ የመረጃ ምስጢራዊነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለው የኦንላይን ምክር ኩባንያ የደንበኞቹን መረጃ ለማስታወቂያ ዓላማ ለሌሎች ኩባንያዎች አጋርቷል ሲል ከሶት፣ ኩባንያው 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በስምምነት ተወስኗል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል ይመድባል።

በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ችግር በልማድ የሚቀርበው ለዘመድ፣ ለሽማግሌ ወይም ለንስሐ አባት ነው። የቤት ገመና ለባዳ መንገር እንደ ነውር በሚታይበት አካባቢ፣ ከሩቅ ሆኖ ከማያውቁት ባለሙያ ጋር መነጋገር ለአንዳንዱ ሲያቀልለት ለሌላው እምነት ያሳጣዋል። የኢንተርኔት ዋጋና መቆራረጥ የቪዲዮ አገልግሎትን ስለሚገድብ፣ የስልክ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት የተሻለ አማራጭ የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። በአሜሪካ ባለሙያ በአጠቃላይ ሕክምና መስጠት የሚችለው ታካሚው በሚገኝበት ግዛት ፈቃድ ካለው ነው። ስለዚህ በሌላ ግዛት ያለ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ በቪዲዮ ቢገኝም ሁልጊዜ ማከም አይችልም። የአገሩን ቋንቋ ቀድሞ የለመደ ልጅ ለወላጆቹ ማስተርጎሙ የተለመደ ቢሆንም፣ ስለ ራሱ ጠባይ ወይም ስለ ወላጆቹ ጠብ በሚነገርበት ቦታ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን ብዙ ጊዜ ለአያት ወይም ለእኅት አደራ ሰጥተው ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ ልጁን በየቀኑ የምትይዘው አሳዳጊ በሥልጠናው ካልተካተተች፣ እናት ብቻዋን የምታገኘው ምክር ወደ ልጁ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። በተለያዩ አገሮች ያሉ ሁለት አሳዳጊዎችን በአንድ ጥሪ ማገናኘት መቻሉ የኦንላይን ሕክምና በአካል ከሚሰጠው የሚለይበት አንዱ ጥቅም ነው።