ያልተሟሸ ዕቃ

በሀገራችን ሴቶች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣው የቤት ሥርዓት አንዱ ማሟሸት ነው። አዲስ የሸክላ ዕቃ ከገበያ እንደ ገባ ወዲያው ለአገልግሎት አይውልም፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል፣ እንስራውም ውሃ እየተሞላበት፣ እያደረ እየተደፋ፣ የአፈሩና የእሳቱ ሽታ እስኪለቀው ድረስ ቀናት ይቆያል። ይህን ሁሉ ድካም ያመጣው፣ በመጽሐፍ ሳይጻፍ እናት ለልጇ በእጅ ያስተላለፈችው ዕውቀት ነው፤ ይኸውም ዕቃ ለያዘው ውሃ ከገዛ ባሕርዩ ሳያካፍለው የማይቀር መሆኑ ነው።

በአያቴ ጓዳ ጥግ የነበረው እንስራ ሆዱ ዘወትር ያልበው ነበር፤ ውሃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳ እየሰረገ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በበጋ ቀትር እንኳ የሚቀዳው ውሃ ጥርስ የሚያደነዝዝ ነበር። ይህን ጥበብ በእጃቸው የያዙት ሸክላ ሠሪዎች ግን ቡዳ እየተባሉ ተንቀው ኖሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ንቀቱ ከአዋጁ በኋላ ስንት ዘመን መኖሩን ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል።

የእንስራውን ቦታ የወሰደው ጀሪካን የተወለደው ለውሃ አልነበረም። የጀርመን ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለቤንዚን ያሠራው የብረት ዕቃ ሲሆን፣ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ ጦር ሜዳ ማርከው፣ ጀርመኖችን በሚጠሩበት የወታደር ቅጽል ሰየሙት። ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1933 ተገኝቶ፣ ካርል ዚግለርም በ1953 ጠንካራውን ዓይነት ያለ ብርቱ ግፊት የሚሠሩበትን መንገድ ካሳየ ወዲህ፣ ብረቱ ቦታውን ለፕላስቲክ ለቀቀ፤ ወደ እኛም ቢጫው ጀሪካን የምግብ ዘይት ተሞልቶ ገባና፣ ዘይቱ ሲያልቅ ወደ ወንዝ ወረደ። ቀላል ነው፤ ቢወድቅም አይሰበርም። ጀርባዋ በእንስራ የጎበጠ እናት እርሱን ብትመርጥ የሚፈርድባት አይኑር።

ነገር ግን ፕላስቲክ ለብቻው አይሠራም፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው፣ ቀለም እንዲይዝ፣ እንዲለሰልስ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን ቃል ለምድራዊ ነገር መዋሴ በድፍረት አይቆጠርብኝና፣ የአብዛኞቹ ነገር ተዋሕዶ ሳይሆን ኅድረት ነው፤ ባዳ እንደ ሆኑ አድረውበታልና፣ ውሃና ሙቀት ሲያገኙ ይወጣሉ። ቱቦን የሚያለሰልሱት ፍታሌቶች እንዲህ ያሉ ናቸው። ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራበት ቢስፌኖል ኤ ደግሞ የሴት ሆርሞን ጠባይ እንዳለው፣ ለውሃ ዕቃ መሥሪያነት ከመዋሉ አስቀድሞ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዶድስ እ.ኤ.አ. በ1936 አስታውቆ ነበር፤ ያን ያህል ቀድሞ የታወቀ ነገር ከሰው ማእድ ሳይርቅ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው። ዕቃው ራሱም በፀሐይ ሲከርም ይሰነጠቃል፣ ይደቅቃል፤ ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ስሙን ያስለመዱትና ዛሬ ከ5 ሚሊሜትር በታች ለሆነው ስብርባሪ ሁሉ መጠሪያ የሆነው ማይክሮፕላስቲክ፣ ባነሰ መጠን ለውሃ የሚጋለጠው ገላው ስለሚበዛ፣ ያደረበትን ለመልቀቅ ይፈጥናል።

ጸበሉ እንኳ ዛሬ የሚቀዳው በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ምእመናን በየመስኮታቸው ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኘው ስፍራ፣ ለወራት ያኖሩታል።

በቦኖ ውሃ ተራ የምትጠብቅ ልጅ ጀሪካኗን ስታጥብ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ እፍኝ አሸዋና ጠጠር ጨመረችበት፤ ጥቂት ውሃ አድርጋ ክዳኑን ገጠመችና በሁለት እጇ ወዲያና ወዲህ ናጠችው፤ ከግድግዳው የተጣበቀው አረንጓዴ ለቅቆ ሲወጣ ደፋችው፤ ውሃው እስኪጠራም ደጋግማ አለቀለቀችው። የአያቷ ማሟሸት በእጇ ላይ አለ፤ ሸክላው ግን ሲሟሽ ይረጋ ነበር፤ ይህኛውን አሸዋው ውስጥ ውስጡን እየፋቀ፣ ከአረንጓዴው ጋር የፕላስቲኩንም ብናኝ ያነሣል። ተራዋ ሲደርስ ሞላችው፤ እንዳያፈስባትም አፉ ላይ ቁራጭ ፌስታል አድርጋ ክዳኑን አጠበቀችበት።