እሾህና ወፍ፦ በናይሮቢ የኖርንበት ዘመን ሌላው አልበም

ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የሚሆኑ የድሮ ፎቶግራፎችን ከየቤቱ ስናሰባስብ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። የሠርግ፣ የክርስትናና የእንቁጣጣሽ ፎቶዎች ይበዛሉ ብለን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፉት ግን አብዛኞቹ ሰው የለባቸውም። የግራር እሾህ፣ ቁልቋል፣ ጥርሳም የእሬት ቅጠል፣ የጭልፊት መንቁር፣ የንስር ጥፍር ነው ያለው። አንዲት እናታችን ሳጥኑን ገልብጠው ካዩ በኋላ፣ «እናንተ ልጆች፣ የሚዋጋ ነገር ብቻ ነው እንዴ ስታነሡ የኖራችሁት?» ብለው አሳቁን። ሳቁ አለፈ፤ ጥያቄው ግን ቀረ። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምሥራቅ አፍሪካ አራዊትን በካሜራ ማደን ከእኛ በፊት ረጅም ዕድሜ አለው። ጀርመናዊው ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ በማግኒዥየም ብልጭታ የሌሊት አራዊትን አንሥቶ መጽሐፉን ያሳተመው በ1905 ነው። ያ ግን ብዙ ተሸካሚና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ለተራው ሰው በሩን የከፈተችው ኮዳክ በ1900 በአንድ ዶላር ለገበያ ያወጣት ብራውኒ የተባለች የሣጥን ካሜራ ናት። የናይሮቢው ተወላጅ ሞሐመድ አሚንም ፎቶ ማንሣት የጀመረው በልጅነቱ በብራውኒ ነበር። በ1984 የአገራችንን ረሀብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው፣ በ1996 ደግሞ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈው እርሱ ነው። ዓለም ፊታችንን ያወቀው በእንዲህ ያለ ካሜራ፣ በክፉ ቀናችን ነበር።

እኛ ራሳችን ግን ፊታችንን አንሰጥም ነበር። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ፣ ኋላም በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ናይሮቢ ከገባነው መካከል ብዙዎቻችን ወረቀታችን ያላለቀልን ነበርን። ኢስሊ ውስጥ ካሜራ ብቅ ሲል ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ወይም «ይህ ፎቶ የት ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የፈሪ ጥያቄ አልነበረም፤ አገር ቤት የቀረ አባት፣ ወንድም፣ እኅት ነበርና። ካሜራ የነበራቸው ጥቂት ወንድሞችና እኅቶች ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማታቱ ተሳፍረው ወደ ከተማው ዳር ይወጡ ጀመር። እሾህ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ወፍም «ለማን ልታሳየው ነው?» አይልም።

የእሾህ ፎቶ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሌንሱ ሲቀርብ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ ከጣት ውፍረት ያነሰ ይሆናል፤ ጫፉ ሲጠራ ሥሩ ይደበዝዛል። የሌንሱን ቀዳዳ ቢያጠቡት የሚጠራው ስፍራ ይሰፋል፤ ነገር ግን መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት ስላለበት ትንሽ ነፋስ ሁሉን ያበላሸዋል። ስለዚህ ነፋስ ሳይነሣ ማለዳ መውጣትን ለመድን። በወፍ ላይ ደግሞ ዓይኗ ከጠራ ሌላው ይማራል። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነው፤ ማሳጠቢያውም ገንዘብ ነው። አንዱን ጠቅ ከማድረግ በፊት ትንፋሽ ይያዝ ነበር።

በዚህ መንገድ አገሩን አወቅነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ እንደሚያሳውር ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው እውቀት ነው። ሌላውን ግን እዚህ ተማርን። በ1946 በተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክና በአቲ ሜዳ አንድ አጭር ግራር አለ፤ የአንዳንድ እሾሁ ሥር እንደ ኳስ ያበጠ ነው። ጉንዳኖች በስተው ይኖሩበታል፤ ቅጠሉን ሊበላ የመጣውንም እንስሳ ይነክሳሉ። ነፋስ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ዛፉ ያፏጫል። ይኸው ግራር በቦረና ሜዳም ይበቅላል።

ከሁሉ የተወደደችልን ግን ፊስካል ሽራይክ የተባለችው ጥቁርና ነጭ ወፍ ናት። መንቁሯ እንደ ጭልፊት ቆልመም ያለ ነው፤ እግሯ ግን ደካማ ስለሆነ ያደነችውን ጨብጣ መቦጨቅ አትችልም። ስለዚህ ፌንጣውንና እንሽላሊቱን በእሾህ ላይ ትሰካዋለች፤ ከዚያ ትበላለች፤ የተረፋትንም ለነገ ታቆያለች። እሾህ ያጣች እንደሆነ የአጥር ሽቦ ይበቃታል። ጥፍር የሌለው እሾህ ይበደራል። በዚያ ዘመን እኛም ከዚህ የተለየ ኑሮ አልነበረንም።

በ2010ዎቹ የኢሲዮሎ–ሞያሌ መንገድ አስፋልት ሲሆን ከእኛ ወገን በየብስ አገሩን የጎበኘ ሰው በዛ። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የምትኖር፣ ሳይንስ በ1938 የመዘገባት ግራጫ የቁራ ዘመድ አለች፤ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሰማያዊ ነው፤ ክብ ጎጆዋንም በግራር አናት ላይ በእሾሃማ ጭራሮ ትሠራለች። የእርሷ ፎቶ በሳጥናችን ውስጥ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ከጎኗ ቤተሰቡ ተሰልፎ ቆሟል፤ ፊቱንም ያዞረ የለም።

ኮዳክ ኮዳክሮም የተባለውን የስላይድ ፊልም መሥራት ያቆመው በ2009 ነው። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው በአንድ ቀን የሚያነሡት እኛ በዓመት ካነሣነው ይበልጣል። የእኛዎቹ ግን በሙቀትና በእርጥበት ቀለማቸው እየሄደ ነው፤ ከጀርባቸውም ምንም አልተጻፈም። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ኔጋቲቭ ያላችሁ አትጣሉ፤ በፖስታው ላይ ቦታውን፣ ዓመቱንና ያነሣውን ሰው ስም ጻፉ። ዛሬ ስም መጻፍ የሚያስፈራን ነገር የለም።

ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ የግራር ቅርንጫፍ እንዳይወዛወዝ የያዘች የሴት እጅ ትታያለች፤ የነጠላዋም ጥለት በጥቂቱ ይታያል። ማን እንደሆነች ከኮሚቴያችን የሚያውቅ አልተገኘም። ፎቶው በበዓሉ ዕለት በአዳራሹ መግቢያ ይሰቀላል። የምታውቋት ካላችሁ ስሟን ንገሩን።