በደሴና በአካባቢዋ ስላሉት የታሪክ ሕንፃዎችና የጦር ፍርስራሾች

የታሪክ ሕንፃ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር ነው። ስለ ወደብ ከተማ የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ ምጽዋ ትጠቀሳለች፤ በደሴቲቱ ላይ ቱርኮች፣ ግብጾችና ኢጣልያኖች በየተራቸው የሠሩት ሕንፃ ስላለ ማን ገዝቶ ማን እንደ ተተካ ከግንቡ ማንበብ ይቻላል። ደሴ ግን ስሟ ቢያስመስላትም ደሴት አይደለችም፤ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት፣ እንዲህ ያለ የተነባበረ ግንብም አይታይባትም። ስለዚህ «ደሴ የትናንት ከተማ ናት፤ ታሪኳን የሚመሰክር ምን አላት?» የሚሉ ሰዎች አይታጡም። እኛ ይህን አባባል አንቀበለውም። ጉድለቱ ያለው ታሪክን በድንጋይ ብቻ በመለካቱ ላይ ይመስለናል።

ከደሴ በስተ ሰሜን ያለውን ቦሩ ሜዳን እንመልከት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ክርክር ያስቆረጡት፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በጉባኤው የተገኙት በዚህ ሥፍራ ነው። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊም በዚያው ሰሞን ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። ጉባኤው የተደረገበትን አዳራሽ ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ምንም አያገኝም። የዚያን ዘመን መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን የሚኖር፣ ከሠራዊቱ ጋራ የሚጓዝ መንግሥት ነበረና ሠፈሩ ሲነቀል ሜዳው ብቻ ይቀራል። ውጫሌም እንደዚሁ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ ምክንያት እስከ ዓድዋ ጦርነት ያደረሰ ሲሆን ውሉ የተፈረመበት ቦታ የንጉሥ ምኒልክ ሠፈር እንጂ ግንብ አልነበረም። እንግዲህ ፍርስራሽ የሌለበት ቦታ ሁሉ ታሪክ የሌለበት ነው ብንል ከ19ኛው መቶ ዓመት ታሪካችን እኩሌታውን መሠረዛችን ነው።

የደሴ ስም ራሱ ከሠፈር የተወለደ ነው ይባላል። ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ጅራታም ኮከብ አይተው በደስታ ስሙን እንዳወጡት በአፈ ታሪክ ይነገራል። በ1882 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታላቅ ጅራታም ኮከብ በመላው ዓለም መታየቱ የታወቀ ስለሆነ ትውፊቱ መሠረት የለሽ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ሠፈሩን ወደ ከተማነት የለወጡት ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ስሙ በሕዝቡ አፍ የቀረው አይጠየፍ የተባለው የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ማንንም የማይንቅ፣ ከማዕዱ ማንንም የማይለይ ማለት ነው፤ ለወሎም ተስማሚ ስም ነው እንላለን። የግብር አዳራሽን የመብል ቤት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ማን በየትኛው ማዕድ፣ ከማን በፊት እንደሚቀመጥ የሚታወቀው በዚያ ነውና አዳራሹ የሹመት መዝገብ ነው። ሚካኤል በግንቦት 1906 ዓ.ም. በደሴ ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ ስለ ነበሩ የአገሪቱ ኃይል ሚዛን ለጊዜው ወደ ደሴ አጋድሎ ነበር። ይህም ሁሉ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ በአንድ ቀን ተፈታ፤ ንጉሡ ተማረኩ፣ አዳራሹም ያለ ጌታ ቀረ።

ከዚህ ወዲያ የደሴን መልክ የለወጠው ጦርነት ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ሰሜን ግንባር ከመዝመታቸው በፊት በዚያ ሰፍረው ስለ ነበሩ ራሳቸው ከመትረየስ ጋራ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ተሠራጨ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ፤ ሐኪሞቹና የውጭ ጋዜጠኞች ጉዳዩን ለዓለም አሰሙ። የሣር ክዳን ያለው ቤት ሲቃጠል ፍርስራሽ አይተውም፤ አመዱን ዝናብ ያጥበዋል። የዚያ ቀን ጥፋት በከተማይቱ ላይ ምልክቱ አነስተኛ የሆነው ስለዚህ ነው።

ኢጣልያኖች ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዙ፤ ከዚያም የማርሻል ባዶሊዮ የካሚዮን ሠራዊት ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። ያተረፉልን ነገር ቢኖር መንገዱ ነው። ከአሥመራ በደሴ አድርጎ በጣርማ በር ዋሻ የሚያልፈውን መንገድ ለራሳቸው ሠራዊት ብለው ሠሩት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ጠላታቸው መጣበት። የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋራ በዚሁ መንገድ ወጥቶ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የኮምቦልቻን መተላለፊያ ለበርካታ ቀናት ተዋጋ፤ በሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ነፃ ወጣች።

በመቅደላ የምናየው ነገር የተለየ ነው። በዚያ አምባ ፍርስራሹ የጊዜ ሥራ አይደለም፣ ታስቦ የተፈጸመ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ምሽጉን አቃጠለ፣ በሩንና መድፎቹን በባሩድ አፈረሰ፤ ብራናውንና የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ። ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በሎንዶን ይገኛሉ። በጋፋት ተቀልጦ የተሠራው፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ግን አሁንም በአምባው ላይ ነው። በገደልና በሸለቆ መንገድ እየተደለደለ በሰው ጉልበት እስከዚያ መጎተቱ የንጉሡን ትጋት ያሳያል፤ ወደ ውጭ አለመወሰዱ ደግሞ ከክብደቱ የተነሣ እንጂ ከወራሪው ርኅራኄ አይመስለንም። ቀላሉ ሄደ፣ ከባዱ ቀረ።

ይኸው ነገር በዘመናችንም ታይቶአል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ድረስ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ሊሸከሙት የሚቻለው ዕቃ ሲጠፋ እንደ አይጠየፍ ያለው ሕንፃ በቦታው ይቀራል፤ ለሕንፃው የሚያሠጋው ሌላ ነገር ነው፣ ይኸውም ዝናብ፣ ምስጥና መልኩን የሚለውጥ እድሳት። ስለሆነም አይጠየፍ ወደ ፊት ከመጠገኑ በፊት ምሰሶው፣ ግድግዳውና በሩ ተለክቶ በሥዕል ቢቀመጥ እንመኛለን።

ከሕንፃው ውጭ ደግሞ የሠፈር ስሞች አሉ፤ እነዚህን የሚሰበስብ ተማሪ አላየንም። ፒያሳ የኢጣልያንን ዘመን ይዞ ቀርቶአል። ሸዋ በር ከተማይቱ ወደ ደቡብ የምትመለከትበትን አቅጣጫ ይናገራል፤ ሰገሌ የዘመተውም፣ ከኮምቦልቻ የመጣውም ያለፈው በዚያ ወገን ነው። ቧንቧ ውሃ የሚለው ስም ውሃ በምንጭና በእንስራ ብቻ ይገኝ በነበረበት ከተማ ቧንቧ መግባቱ ሠፈር እስከ መሰየም ያደረሰ ትልቅ ነገር እንደ ነበረ ይመሰክራል። የኮምቦልቻ መተላለፊያ ምሽጎች ግን ስም የላቸውም። አፈር ናቸው፤ ክረምት ይሞላቸዋል፣ ማረሻ ይገለብጣቸዋል፣ ያሉበትን ቦታ የሚያሳዩት በዚያ ከብት ሲያግዱ ያደጉ ሽማግሌዎች ናቸው።