ፈረሱ፣ ጠመንጃውና ስንቁ

ዛሬ እንጦጦ ላይ ፈረስ የሚጋለበው ለመዝናኛ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ግን የጦር ኃይል መለኪያ ነበር። መኳንንቱ እንኳ የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር።

ጠመንጃ ሲበዛ የፈረሰኛው ሥራ ተለወጠ። በአውሮፓም ቀደም ብሎ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ረጅም ጦርና ጠመንጃ የያዘ እግረኛ ጥሩር ለባሹን ፈረሰኛ ቀዳሚነቱን አሳጥቶታል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የውጊያውን ዋና ሸክም የያዘው ጠመንጃ ያነገበው እግረኛ ነው፤ የኦሮሞ ፈረሰኞች ደግሞ የሚሸሸውን ጠላት አሳደዱ። መድፈኛው ባልቻ ሳይቀሩ የሚታወሱት በፈረስ ስማቸው፣ «አባ ነፍሶ» ተብለው ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ይዞ ሲመለስ ግን የፈረሰኛ ዘመን አበቃ።

መሣሪያው ሲለዋወጥ ስንቅ ያው ስንቅ ነበር። እህል የፈጩት፣ እንጀራ የጋገሩት፣ ውኃና እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። የፈረሶቹ ስም ሲቀር የብዙዎቹ ሴቶች ስም ሳይጻፍ ጠፋ። ዛሬም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እኅቶች አሉ። እኛ በማኅበራችን መዝገብ የእያንዳንዷን አባል ስም ከነሥራዋ የምንጽፈው ለዚህ ነው።